የጾም ክትፎ በ480 ብር

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልናገር፤ ሽሮው ይጣፍጣል። ከዚህ በታች ብዙ አማርራለሁ፣ ሽሮውን ግን አልክድም።

ምግብ ቤቱ ያለው ደብረ ብርሃን ነው። ስሙን አልጠራም። ባለቤቱ የሰፈራችን ሰው ነው፣ ለቅሶ ላይ እንገናኛለን። ደግሞ እንደሱ ያለ ቤት በከተማችን አንድ ብቻ አይደለም፤ "እኔን ነው" የሚል ካለ ራሱ ይወቀው።

ሌላ ጊዜ ሥጋ ቤት ነው። ቅበላ ሰሞን ወንበር ጠፍቶ ሰው በረንዳ ላይ ቆሞ ቁርጥ የሚበላበት፣ ያውም በዚህ ብርድ። የቅበላው እሑድ ማታ ይዘጋል። ሁለት ቀን ውኃ ሲደፋ፣ ግድግዳ ሲቀባ ይሰነብታል። ረቡዕ ብቅ ስትሉ "ልዩ የጾም ምግብ ቤት" የሚል ባነር ተወጥሮ ታገኛላችሁ። ሥጋው ተንጠልጥሎ የነበረበት መንጠቆ ላይ አሁን የፕላስቲክ አበባ አለ። ሥጋ ቆራጩ ያው ነጭ ጋወኑን ለብሶ፣ ያችው መስኮት ውስጥ ቆሞ፣ ቲማቲም ይከትፋል። ሳየው ሳቄ መጣ። ወዲያው ደግሞ ደስ አለኝ፣ ቢያንስ እሱ እንጀራውን አላጣም። ሌሎቹ ሁለቱ ቆራጮች እስከ ፋሲካ ወደ መንዝ፣ ወደ ወላጆቻቸው ሄደዋል። 55 ቀን ያለ ደመወዝ።

የሄድኩት የምኩራብ ሳምንት ነው። ይሄን ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ። አብሮኝ የነበረው የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ነው። ጴንጤ ነው፣ እንደዚያ ስለው አይከፋውም። አንተ ፍስክ የምታገኝበት ቤት እንሂድ ብለው "በሁዳዴ ደብረ ብርሃን ውስጥ ፍስክ ፍለጋ ከምዞር ብጾም ይሻለኛል" አለኝ።

እሱ "የጾም ስፔሻል ክትፎ" አዘዘ፣ 480 ብር። እኔ በያይነቱ፣ 320። ለሁለታችን ሽሮ ተጋቢኖ፣ 220። የጾም ማኪያቶ 70፣ ሻይ 20፣ ውኃ 30። ድምሩ 1,140፣ ቫት 15 በመቶ ሲታከልበት 1,311 ብር። ቁጥሩን እንዳትረሱት፣ እሱንም እፈልገዋለሁ።

ሽሮው በጣባ እየተንተከተከ ይመጣል። ዱቄቱ ሽምብራ ብቻ አይደለም፣ ባቄላና አተር አለበት መሰለኝ፣ ነጭ ሽንኩርቱና በሶብላው ገና ከሩቅ ይጠራል። ዘይት አልበዛበትም። ቃሪያው ስንግ ነው። ሁለተኛ እንጀራ ያስጠይቃል። በያይነቱ ደህና ነው፤ ምስሩ ጥሩ፣ ክኩ ጥሩ፣ ቀይ ሥሩ ጣዕም የለውም፣ ፎሰሊያው የትናንት ነው። እልበት አላደረጉበትም። በሁዳዴ በያይነቱ ላይ እልበት ወይ ስልጆ ከሌለ ለኔ ጎዶሎ ነው፣ ሌላው ሰው ምን እንደሚል አላውቅም።

ክትፎው ግን ጉድ ነው። ሶያ ተፈጭቶ፣ በቀይ ሥር ቀልቶ፣ ሚጥሚጣና ኮረሪማ ገብቶበት፣ ከጎኑ ከለውዝ የተሠራ "አይብ" እና ቆጮ። ጓደኛዬ አንዴ ጎረሰና ዝም አለ። ከዚያ "ቅመስ" አለኝ። ቀመስኩ። ወንድሞቼ፣ ክትፎ ነው። ሥጋ እንዳልሆነ አእምሮዬ ያውቃል፣ ምላሴ ግን አላመነችም። ለአንድ አፍታ ዙሪያዬን አየሁ፣ ሰው ያየኝ መስሎኝ።

"ታዲያ ይሄ ምኑ ጾም ነው?" አለኝ ጓደኛዬ።

መልስ ፈለግኩ። ሕጉን ካየን ጾም ነው። ሥጋ የለውም፣ ወተት የለውም፣ ቅቤ የለውም። ፍትሐ ነገሥትም በ15ኛው አንቀጽ ጾምን ሲተረጉም ሰው በታወቀ ጊዜ ከመብል መከልከሉ ነው ይላል፤ እኛ የተከለከልነውን አልበላንም። ግን ነቢዩ ዳንኤል ሦስት ሳምንት ሲያዝን ያደረገውን ሲናገር "ማለፊያ እንጀራ አልበላሁም" ይላል። ሥጋና ጠጅ ብቻ አይደለም የተወው፣ ማለፊያውን ነው የተወው። የጓደኛዬ ክትፎ ማለፊያ ነው፤ ማለፊያ ባይሆን 480 ብር ማን ይከፍልበታል?

አንድ ልብ ያላልነው ነገር አለ። ጾም እንደ ሂሳብ ሥራ ሁለት ጎን አለው፤ የተውከው አለ፣ የተውከው የት ደረሰ የሚል ደግሞ አለ። እኛ የምንጨነቀው ለመጀመሪያው ብቻ ነው። ብስኩት ስንገዛ ማሸጊያውን ገልብጠን ወተት አለበት የለበትም ብለን በመነጽር እናነባለን። ሁለተኛውን የሚጠይቅ የለም። በሁለተኛው መቶ ዘመን የተጻፈና ወደ ግእዝም የተተረጎመ የሄርማስ መጽሐፍ አለ፤ እዚያ ላይ ጾም እንዴት እንደሚጾም ሲነገረው ስሌቱ ጭምር ነው የሚሰጠው። በጾምህ ቀን እንጀራና ውኃ ብቻ ቅመስ፣ ልትበላው የነበረውን ምግብ ዋጋ አስላ፣ ያንን ገንዘብ ለመበለት ወይም ለድሀ አደግ ወይም ለተቸገረ ስጥ። በቃ። እንዲህ ግልጽ የሆነ መመሪያ የገቢዎች መሥሪያ ቤትም አያወጣም።

እኔም እዚያው ጠረጴዛው ላይ አሰላሁት። በፍስክ ቀን ምሳዬ እንቁላል ፍርፍር ነው፣ ከቢሮዬ አጠገብ፣ 200 ብር። በዚህ የጾም ቀን ግን የኔ ድርሻ 655 ብር ወጣ። 200 ሲቀነስ 655፣ ከዜሮ በታች 455። በሄርማስ ስሌት ከሄድን ድሀው ለኔ 455 ብር ዕዳ አለበት ማለት ነው። ጓደኛዬ ይሄን ስነግረው ሻዩ በአፍንጫው ሊወጣ ነበር።

ሁዳዴ የሚለው ቃል ራሱ እኮ የእርሻ ቃል ነው። ሁዳድ ማለት ገባሩ ወጥቶ በነጻ ጉልበቱ ለንጉሡ ወይም ለባለ ርስቱ የሚያርሰው ሰፊ መሬት ነው። አባቶች ሲያስተምሩ ጾሙ ሁዳዴ የተባለው የጌታ እርሻ ስለሆነ ነው፣ ምእመኑ እንደ ገባር በአንድነት ወጥቶ የሚያርሰው ነው ይላሉ። ይሄን ምሳሌ ለሸዋ ሰው ማብራራት አያስፈልግም። አያቴ የየካቲት 1967ቱ የመሬት አዋጅ እስኪመጣ ድረስ ጭሰኛ ነበር፤ የራሱ ማሳ በአረም እየተዋጠ ጎህ ሳይቀድ በሬውን ነድቶ ወደ ጌታው መሬት ይሄድ እንደነበር ሲያወራ ከልጅነቴ ትዝ ይለኛል። ከሁዳድ ነዶ ተሸክሞ የሚመለስ ገባር የለም። ላቡ የሱ ነው፣ ምርቱ የሌላ ነው። በምድር ላይ ይሄ ግፍ ነበር፣ "መሬት ላራሹ" ተብሎ የተጮኸውም ለዚህ ነው። በጾሙ ግን አባቶች ያንኑ ቃል ገልብጠው ተጠቀሙበት። የዚህ እርሻ ጌታ ምርቱን ለራሱ አይፈልገውም፣ ለተራበው ስጡልኝ ይላል። እኛ ታዲያ አሁን ምን አደረግን? ሁዳዱ ላይ ምግብ ቤት ከፍተን ምርቱን እዚያው በላነው። እኔን ጨምሮ።

ጓደኛዬ በዚህ አልተስማማም። "ችግሩ ከጅምሩ ነው" አለ። "ማቴዎስ 6 ላይ በስውር ጹሙ ነው የሚለው። ከተማው ሁሉ በአንድ ቀን በአዋጅ ሲጾም ገበያ ይሆናል፣ ገበያ ሲሆን ባነር ይሰቀልበታል። እኛ ቤት 21 ቀን ስንጾም ማንም ምንም አይሸጥልንም።"

ነጥብ አለው። ግን እኔ ደግሞ በማኅበር መጾም ጉልበት አለው ባይ ነኝ። አንድ ሰው በስውር ቢጾም የሥጋ ዋጋ አይነቃነቅም። ሕዝብ ሲጾም ግን የሥጋ ቤት መንጠቆ ባዶ ይሆናል። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ ያለ መንግሥትና ያለ ፖሊስ ገበያ የሚያዝ ኃይል ነው። ጥያቄው ኃይሉ ለማን ዋለ የሚለው ነው። ደግሞም ጾማችን ከፖለቲካ ጸድቶ አያውቅም። የሁዳዴ የመጀመሪያው ሳምንት ጾመ ሕርቃል ይባላል፤ ሕርቃል በሰባተኛው መቶ ዘመን ፋርስን ወግቶ መስቀሉን ያስመለሰው የቢዛንታይን ንጉሥ ነው፣ ምእመናን ስለሱ ጾሙ ተብሎ እኛም እስከ ዛሬ ድረስ አንድ ሳምንት እንጾማለን። ይሄ ቤት በዚያ ሳምንት የመክፈቻ ቅናሽ ነበረው አሉ፣ እኔ አልደረስኩበትም።

ጉልበቱ ማንን እንደሚጫን ለማየት ደግሞ አክስቴ ጋ መሄድ ነው። ከከተማው ወጣ ብላ ሁለት የፈረንጅ ላም አላት። ላም ጾም አታውቅም። ጠዋትም ማታም ትታለባለች። ሁዳዴ ሲገባ ወተት ሰብሳቢው ዋጋ ያወርዳል፣ አንዳንድ ቀን ጭራሽ "ዛሬ አልወስድም" ይላል። መኖው ግን ያው ነው፣ እንዲያውም ይወደዳል። አክስቴ ትንጣለች፣ ቅቤውን ለፋሲካ ታስቀምጣለች፣ አሬራውን የሚጠጣው የለም። ረቡዕና ዓርብን፣ ነቢያትን፣ ሐዋርያትን፣ ፍልሰታን፣ ነነዌን ጨምራችሁ ብትቆጥሩት ለምእመኑ በዓመት ወደ 180 ቀን ጾም ይመጣል፤ የዓመቱ እኩሌታ ማለት ነው። አክስቴ ራሷ ትጾማለች፣ ያውም እስከ ዘጠኝ ሰዓት። የምትጾመውም እሷ ናት፣ የጾሙን ወጪ የምትከፍለውም እሷ ናት። ባለፈው "አይከብድሽም?" ብላት "የጌታ ጾም ነው፣ ምን ይደረግ ልጄ" ብላ ቅሉን መናጥ ቀጠለች። ከዚህ በላይ ሁዳድ የሚያርስ ሰው አላየሁም። እሷን የሚያመሰግን ባነር ግን የትም አልተሰቀለም።

ወደ ቤቱ ልመለስ። መስተንግዶው ፈጣን ነው። አስተናጋጇ ልጅ ናት፣ ምናልባት ሃያ ዓመት ቢሆናት። ፈገግታዋ ጥሩ ነው፣ ሳህን ስታነሳ ግን እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሰዓቱ ስምንት ተኩል ሆኗል።

"እህቴ፣ አንቺ በላሽ?" አልኳት።

"ከዘጠኝ በፊት አልበላም ጋሼ። ከዘጠኝ በኋላ ደሞ ሰው ይበዛል።"

"ታዲያ መቼ ትበያለሽ?"

"ሲያልቅ።"

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከቅዳሴ የወጣው ሰው ነጠላውን እንዳጣፋ ይጎርፋል። ቦታ አይገኝም። ሁሉም ርቦታል፣ ሁሉም ቶሎ ይፈልጋል፣ አንዳንዱ ያጨበጭባል። ቆርቦ የወጣ ሰው ለአስተናጋጅ ሲያጨበጭብ ማየት ለኔ ከክትፎው በላይ ይከብዳል። ኢሳይያስ 58ን ሁላችን እናውቀዋለን፣ "እኔስ የመረጥሁት ጾም ይህ አይደለምን" የሚለውን። ግን ከዚያ በፊት ያለውን ቁጥር 3ን የሚጠቅስ ጥቂት ነው፤ "ሠራተኞቻችሁንም ሁሉ ታስጨንቃላችሁ" ይላል። ነቢዩ ጾመኞቹን ገና ከጅምሩ የከሰሰበት ነገር በልታችኋል የሚል አይደለም። የሠራተኛ ጉዳይ ነው። ደመወዟን ጠየቅኳት፣ መጠየቅ ነውር መሆኑን አውቃለሁ። እኔና ጓደኛዬ ያንን ምሳ ሁለት ጊዜ ብንበላው የወር ደመወዟ ያልቃል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011፣ ዝቅተኛውን የደመወዝ ወለል የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም ይላል። እንዲቋቋም ይላል።

ግድግዳው ላይ ትልቅ ሥዕል አለ። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ቆመው፣ ከሰማይ ብርሃን ሲወርድ። የከተማችን ስም የመጣበት፣ በፈረንጅ 1456 የሆነው ነገር ነው፤ አንዳንድ ታሪክ ጸሐፊዎች በዚያ ዓመት የታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ነው ይላሉ። ሥዕሉ ቆንጆ ነው፣ ቀሚሱ ብቻ ትንሽ የዘመናችን የሠርግ ካባ መስሏል። ንጉሡ እዚያ መሰቀላቸው ግን ተገቢ ነው፣ ምክንያቱም የቅዳሜ ቁርስ ጉዳይ እሳቸውን ይነካል። በሁዳዴ ቅዳሜና እሑድ እስከ ዘጠኝ አይቆይም፣ ሰንበት ስለሆኑ ከቅዳሴ በኋላ ይበላል። ቅዳሜ እንደ እሑድ ይከበር አይከበር የሚለው ግን አገር ያመሰ ክርክር ነበር። የአባ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ይከበር በማለታቸው ብዙ መከራ አይተዋል። ነገሩ የተቋጨው በፈረንጅ 1450 እዚሁ በጎረቤታችን በተጉለት፣ ደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ ነው፤ ከግብፅ የመጡት ጳጳሳት አባ ሚካኤልና አባ ገብርኤልም ተስማሙ። ንጉሡ የሚፈልጉት ሃይማኖቱን ብቻ አልነበረም፣ የተከፈለ አገር አንድ ማድረግም ነበር። ይሄን ሁሉ የማወራው ቅዳሜ ጠዋት የሚያቀርቡት የሱፍ ፍትፍት ሊበላ የሚገባው ስለሆነ ነው። ሱፉ በደንብ የተጨመቀ፣ እንጀራው ያልላቆጠ፣ ቃሪያው ደቆ የገባበት። 130 ብር። ቅዳሜ ከሄዳችሁ ሌላ ነገር አትዘዙ።

ጎናችን ያለው ጠረጴዛ ላይ አራት ሰዎች ቢራ ይጠጡ ነበር። ከተማችን የዳሽንም የሐበሻም ፋብሪካ ስላላት ቢራ ለኛ የጎረቤት ልጅ ነው። አንደኛው "ቢራ ገብስ ነው፣ ገብስ ጾም ነው" አለ፣ ሌሎቹ "አሜን" ብለው አጋጩ። ዳንኤል ጠጁንም ነው የተወው ልላቸው አሰብኩ። አራት ነበሩ፣ ተውኩት።

አሁን ወደ ምኩራብ። በዚያ እሑድ የሚነበበው ዮሐንስ 2 ነው፤ ጌታ በሬና በግ ርግብም የሚሸጡትን ከቤተ መቅደስ አስወጥቶ "የአባቴን ቤት የንግድ ቤት አታድርጉት" ያለበት። ይሄ ቤት ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ መዝሙር በትልቅ ድምፅ ይከፍታል፣ በር ላይ የእመቤታችን ሥዕል፣ ከሥሩ የዋጋ ዝርዝር። ጓደኛዬ "እነዚያ ቤተ መቅደሱን ገበያ አደረጉት፣ እነዚህ ገበያውን ቤተ መቅደስ አደረጉት" አለ። ነገሩን ለሥጋ ቤቱ ብቻ መተው ግን ልክ አይመስለኝም። የአብያተ ክርስቲያናቱን አጥር ዞራችሁ እዩ፣ ዙሪያውን ሱቅ ነው፣ የሚከራይ። በዚያም ቶሎ አልፈርድም። ቤተ ክርስቲያን በ1967 መሬቷን ስታጣ "ሲሶ ለቀዳሽ" የሚባለው ነገር በአንድ ቀን አለቀ፤ ከዚያ ወዲህ የምትኖረው በምእመኑ አስተዋጽኦና እንዲህ ባለ ኪራይ ነው። ቄሱም ይበላል። ግን ሱቁ የሚከራየው በስንት ነው፣ ለማን ነው፣ ገንዘቡስ ገጠር የተዘጋችው ደብር ይደርሳል ወይ ብሎ መጠየቅ ጅራፍ ማንሳት አይደለም።

ሂሳብ ስንከፍል ደረሰኝ ጠየቅኩ። "ማሽኑ ኔትወርክ የለውም" ተባልኩ። ቫቱ ግን ተቆርጧል፣ 171 ብር። የቄሣርን ለቄሣር ነው፣ እዚህ ግን ለቄሣር ተብሎ የተሰበሰበው መሳቢያ ውስጥ ቀረ። ትንሽ ተከራከርኩ። ባለቤቱ ራሱ መጣ።

"ምነው ወንድሜ፣ ቅር አለህ?"

"ጋሼ፣ ሽሮው ግሩም ነው። ዋጋው ነው እንጂ። ጾም እኮ ነው።"

ሳቀ። "ዘይቱን ታውቃለህ? ሽንኩርቱን ታውቃለህ? ለሥጋ ቤት የምከፍለውን ኪራይ ነው ለጎመንም የምከፍለው። አከራዬ ሁዳዴ ነው ብሎ አንድ ብር ቀንሶልኝ አያውቅም።"

እዚህ ላይ ዝም አልኩ። እሱም ገባር ነው ለካ፣ የሱ ሁዳድ የአከራዩ ነው። ገንዘብ ተቀባይዋ ጋ "ለተፈናቀሉ ወገኖች" የሚል የመስታወት ሳጥን አለ። ስለሱ ስጠይቀው ዓርብ ዓርብ ንፍሮና ዳቦ ይዞ ወደ መጠለያው እንደሚሄድ ነገረኝ፣ ሳይኩራራ። ኢሳይያስ "ስደተኞቹን ድሆች ወደ ቤትህ ታገባ ዘንድ" ሲል ለደብረ ብርሃን ሰው የሩቅ ነገር አይደለም፤ ከወለጋ ተፈናቅለው መጥተው በመጠለያ የሚኖሩ ሰዎች ከከተማችን ዳር አሉ፣ ዓመታት አልፈዋል። ሰውዬው ከኔ ይሻላል ማለት ነው። ደረሰኙን ግን አልሰጠኝም።

ለማወዳደር ያህል በሳምንቱ ገበያው ዳር ላስቲክ ወጥረው ምግብ የሚሸጡ እማማ ጋ ሄድኩ። ወንበሩ ጣውላ ነው፣ እጅ መታጠቢያው ጀሪካን። ገብስ የተቀላቀለበት እንጀራ ላይ ስልጆ አደረጉልኝ፣ ስናፍጩ አፍንጫዬን አልፎ ዓይኔን አስነባኝ። "በርታ ልጄ፣ ገና ነው" አሉኝና ጎመን ጨመሩልኝ። 80 ብር። ምስሩ ውኃ ነው፣ እውነቱን ልናገር። ስልጆው ግን በዚህ ከተማ እንደሱ ያለ አልበላሁም፣ ያኛው ቤት ስለሌለውም ነው መሰለኝ እንዲህ የምለው።

ስለዚህ ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ፤ ለሽሮውና ለሱፍ ፍትፍቱ አምስት ኮከብ፣ ለበያይነቱ ሦስት፣ ለደረሰኙ ባዶ። ክትፎውን ለመገምገም ብቃት የለኝም፣ የንስሐ አባቴን ጠይቁ። መጸዳጃው ንጹሕ ነው፣ ውኃ ግን ከሰዓት በኋላ ይጠፋል። ከዘጠኝ እስከ አሥር ሰዓት አትሂዱ። ከሄዳችሁም አታጨብጭቡ።

እማማ ጋ የበላሁ ቀን ስሌቱን ሠራሁ። 200 ሲቀነስ 80፣ 120 ብር። ይሄ የኔ አይደለም ብዬ ገንዘቡን በሌላ ኪሴ ለየሁት። ወደ ቤቴ ስሄድ ያ ቤት መንገዴ ላይ ስለሆነ ሳጥኑ ውስጥ ልከት ብዬ ገባሁ። ከመሸ በኋላ ነው፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አስተናጋጇ ጥግ ላይ ተቀምጣ ሽሮ ትበላለች፣ በመጨረሻ። ገንዘብ ተቀባይዋ ቀና ብላ "የጾም ማኪያቶ ነው?" አለችኝ።

"አዎ" አልኩ።

ከቫት ጋር 80 ከ50። ደረሰኝ የለም። ሳንቲም መልስም የለም። 39 ብር ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩ።